አንድ ከረጢት ደም ለሁለት ሰው

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለሚጣዬ፤

እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ባለፉት ስምንት ወራት በስልኬ የላክሽልኝን ብቆጥረው አርባ አንድ ጊዜ "ደህና ነኝ አባዬ" ብለሽኛል። አርባ አንድ ጊዜ ደህና የሆነ ሰው እኮ አንድ ጊዜ እንኳ ስልክ ያነሳል! ይሁን፣ አልነዘንዝሽም። እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ያማታል፤ እኔን ጆሮዬ ትንሽ አስቸግሮኛል፣ እሷ ግን "የምትፈልገው ነገር ሲሆን ትሰማለህ" እያለች በሽታዬን አላምን ብላለች።

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አትደንግጪ፣ የሞተም የታመመም የለም። እንዲያውም የምሥራች ነው፤ ግን ውስጡ የአባትሽ ጉድ ስላለበት አጀማመሩ ጠፍቶኝ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ያን ቀን በደም ባንኩ የደረሰው ስህተት ያንቺ አልነበረም። አንቺ የጻፍሽው የኮምፒውተር ፕሮግራም ልክ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

እፎይ! ወጣልኝ። እናትሽ ከጓዳ "ምን ሆነህ ነው የምትተነፍሰው?" አለችኝ።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ግን ያወቅሽው ከአጣሪው ኮሚቴ ደብዳቤ ነው። እኔ አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አልነገርኩሽም። እስቲ አሁን ከእኔ ስሚው።

አንቺ ከሆስፒታሉ ለቀሽ ለአዲስ ሥራ ወደዚያ ከሄድሽ አራተኛ ወርሽ ነበር። ቀኑ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ማዋለጃ ክፍል አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ደግሞ ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። የሁለቱም ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ በእኛ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ኦ ኔጌቲቭ ደግሞ አንድ ከረጢት ብቻ። የማዋለጃዋ ነርስ ኮምፒውተሩን ጠየቀች፤ "አለ፣ ተይዞልሻል" አላት። የቀዶ ጥገናው ነርስ በዚያችው ቅጽበት ጠየቀ፤ "አለ፣ ተይዞልሃል" አለው። ሁለቱም ሐኪሞች ደም አለ ተብለው ሥራቸውን ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሰው እየሮጠ የደም ባንኩ መስኮቴ ላይ መጣ። ሁለቱም የያዙት ወረቀት ላይ ያለው የከረጢት ቁጥር አንድ ነው። እኔ አንዷን ከረጢት በእጄ ይዤ ሁለቱን ሰዎች አየሁ። ቀልቤ ተገፈፈ። ለወላዷ ሰጠሁ፤ ሌላው ሰውዬ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ሮጠ።

ቀለም ቀቢው ከሌላ ሆስፒታል ደም እስኪመጣለት ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቀ። እነዚያን ሃምሳ ደቂቃዎች እኔ ነኝ የማውቃቸው። ተረፈ። ወላዷም ተረፈች፣ ልጅዋም ተረፈ። ባለፈው ሳምንት ሰውየውን የሆስፒታሉን አጥር ሲቀባ አየሁት። ደግሞ መሰላል ላይ ነው! "አንተ ሰውዬ አትማርም እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ሳቀብኝና ቡሩሹን አወዛወዘልኝ። መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ስስቅ አላፊ አግዳሚው አበደ ሳይለኝ አልቀረም።

አጣሪው ኮሚቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ "ስህተቱ የደረሰው ፕሮግራሙን በጻፈችው ባለሙያ ነው" ብሎ ደመደመ፤ ለአንቺም ጻፈልሽ። አንቺ ምን አደረግሽ? ከለቀቅሽ ጀምሮ ፕሮግራሙን ማየት አትችዪም፤ ሳታዪ፣ ሳትጠይቂ በማግስቱ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም" ብለሽ መለስሽ። እኔ ፊት ነው የተነበበው። ከዚያ የሄድሽለትን ሥራ ተውሽው፤ አሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ታጥፋለች ብላ እናትሽ ነገረችኝ። ልጄ፣ አንሶላ ማጠፍ ነውር የለበትም። አንቺ ግን የምታጥፊው ኮምፒውተር ብነካ ሰው እገድላለሁ ብለሽ ፈርተሽ ነው። ይህን ስሰማ መናገር ነበረብኝ። ምክንያቱም እኔ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ወር በፊት የሆነውን ልንገርሽ። ማተሚያዋን ታስታውሻለሽ፤ የከረጢት መለያ ስታትም ግማሽ ደቂቃ የምታጓራዋን። ለቀዶ ጥገና ክፍል ደም ሲያዝ፣ የእነሱ መለያ ታትሞ እስኪያልቅ ድረስ የማዋለጃው ኮምፒውተር ዝም ብሎ ይቆማል። ነርሶቹ በየቀኑ እኔ ላይ ይጮሃሉ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ የሚጮህበት ሲያገኝ እሱም የሚጮህበት ይፈልጋል። ወደ ቀጮ ሄድኩ። ቀጮን አትረሺውም፣ አንቺን የተካሽ፣ ቀበቶው ወገቡ ላይ ሁለቴ የሚዞርለት ሰውዬ።

"ማዋለጃና ቀዶ ጥገና ለምንድን ነው አንዱ ሌላውን የሚጠብቀው?" አልኩት። "ኮምፒውተሩ ሁለት፣ ነርሱ ሁለት፤ ምን የሚያጠባብቅ ነገር አለ?"

"ጋሼ፣ ልጅዎ እንዲህ ያደረገችው አውቃ ይመስለኛል።"

"ልጄን የወለድኳት እኔ ነኝ!" አልኩት። ምን ማለቴ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። "ለየብቻ አድርግልኝ። ዛሬውኑ!"

አደረገልኝ። በማግስቱ መጠበቅ የሚባል ነገር ቀረ። ነርሶቹ አመሰገኑኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ "ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል" እያልኩ ዋልኩ። ቀጮንም አላመሰገንኩት።

ኮሚቴው ሲቀመጥ ዳይሬክተሯ "በቅርቡ የተለወጠ ነገር ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። "እኔ የማውቀው የለም" አልኩ። ቀጮ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። እሱም ሁለት ልጆች አሉት፤ የእኔን አፍ አይቶ የራሱን ዘጋ። እኔ ደግሞ ለራሴ፣ "ፕሮግራም የማላውቅ ሰው ምን ብዬ እመሰክራለሁ? እሷ የተማረች ናት፣ እሷ ካመነች ነው" አልኩ። ፊደል የቆጠረ ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ራሱን ይሸነግላል። ያንቺ መልስ ሲነበብ ቀና ማለት አቅቶኝ ነበር፤ ሰዉ ግን በልጁ አዘነ ብሎ አዘነልኝ። ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉኝ ሰዎች እጅ እስካሁን ያቃጥለኛል።

እንግዲህ ስምንት ወር እንዲህ ከረምኩ። ስልክ ስደውልልሽ ባታነሺ አዝናለሁ፣ ግን ውስጤ አንድ ሌባ "እሰይ፣ አላነሳችም" ይላል። ሌባው እኔው ነኝ።

ከዚያ የዛሬ ስድስት ሳምንት ነገሩ ተደገመ። እንደገና አንድ ከረጢት፣ ሁለት ስም! ደግነቱ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ነርሶቹ ኮምፒውተሩን ብቻ አያምኑም፤ ደም ተያዘ ከተባሉ በኋላ በስልክ ያረጋግጣሉ። ሁለቱ ስልኮች አከታትለው ጮሁ፣ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ጠሩልኝ። ሐኪሞቹ ገና እጃቸውን አልታጠቡም ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። ያን ቀን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አልቻልኩም። አንቺ አንሶላ እያጠፍሽ ነው፤ ታዲያ አሁን ደግሞ ማንን ልንከስ ነው?

ምሳ ሰዓት ላይ ቀጮ ክፍል ገባሁ። በሽቦ መሐል ተቀምጦ ዳቦ እየበላ ነው።

"አስተምረኝ" አልኩት።

"ምን ላስተምርዎት?"

"ልጄ የምታውቀውን።"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ አራት ዓመት ይፈጃል።"

"እኔ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር ነው የቀረኝ። አሳጥረው።"

ሳቀ። ከዚያ እየሳቅኩ እንዳልሆነ ሲያይ ዳቦውን አስቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ደብተሬን ይዤ እሱ ጋ ነበርኩ። ሰዉ "ሽማግሌው ምን ነካው?" ይባባላል። አንድ ቀን ነርሶቹ ደብተሬን ገልጠው፣ በእጄ ጽሑፍ "ኦብጀክት ማለት ምንድን ነው?" የሚል ቢያገኙ በሳቅ ፈነዱ። ይሳቁ።

አሁን የተማርኩትን ልንገርሽ፤ ብሳሳት አርሚኝ፣ ግን ብዙም አትሳቂብኝ። ክላስ ማለት ባዶ ቅጽ ነው። ኦብጀክት ማለት ከቅጹ ተባዝቶ የተሞላው ወረቀት ነው። ከአንድ ቅጽ የፈለግሽውን ያህል ማባዛት ትችያለሽ፤ እያንዳንዱ ግን የራሱ ነው፣ አንዱ ላይ የጻፍሽው ሌላው ላይ አይገኝም። አንቺ "ክምችት" የሚባል ክላስ ጽፈሽ ነበር፤ ፍሪጁ ውስጥ ምን እንዳለ አይቶ ደም የሚይዘው እሱ ነው። ከእሱም አንድ ኦብጀክት ብቻ ነበር የፈጠርሽው። እስካሁን ደህና ነኝ?

ቀጮ ትሬድ ያለውን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ትእዛዝ የተጻፈበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች እየተከተለ የሚሠራ ሠራተኛ ነው አለኝ። ሁለት ትሬድ ማለት ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ ያንኑ ወረቀት ይዘው፣ ባንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ ይሠራሉ። "ለምን አይተያዩም?" አልኩት። "እንዲፈጥኑ ነዋ!" አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዳቦ አስቀመጠና ለእኔም ለእሱም አንድ አንድ ወረቀት አዘጋጀ። ትእዛዙ ይህ ነው፦ ዳቦ መኖሩን እይ፤ ካለ ወረቀትህ ላይ "የእኔ ነው" ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ አንሳ። "እንጀምር" አለ። አየሁ፣ ዳቦ አለ። እሱም አየ፣ ዳቦ አለ። ጻፍኩ፤ እሱም ጻፈ። ከዚያ እጃችን ዳቦው ላይ ተጋጨ።

"ከሁለታችን የዋሸው ማን ነው?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት። ሁለታችንም ያየነውን ነው የጻፍነው። ሚጣዬ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ሐሙስ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በማየትና በመያዝ መካከል ያለችው ሽራፊ ጊዜ ውስጥ ሌላኛውም አይቶ ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ በየቀኑ አይደርስም አለኝ። መቶ ቀን ደህና ይሠራል፤ ሁለቱ በአንዲት ቅጽበት የተገጣጠሙ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ለዚህ ነው ሁለት ወር ሙሉ ደረቴን የነፋሁት።

"ታዲያ ልጄ ይህን አላወቀችም?" አልኩት።

"አውቃለች እንጂ" አለ። ከዚያ ስለ ቁልፍ አስተማረኝ። የሠራተኛውን መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ታውቂዋለሽ፤ ማንም ኪሱ ውስጥ ረስቶት እንዳይሄድ ክንድ የሚያህል እንጨት የታሰረበት። እንጨቱን ያሰርኩት እኔው ነኝ፣ ስንት ተሳቀብኝ! ቁልፉን የያዘው ይገባል፤ ሌላው ደጅ ቆሞ እግሩን ያነሳል ይጥላል፤ ቁልፉ ሲመለስ ይገባል። አንቺም በክምችቱ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ አድርገሽ ነበር። አንዱ ትሬድ ቁልፉን ይዞ አይቶ፣ ደሙን ይዞ፣ ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ሌላው መግባት አይችልም። እኔን ያናደደኝ መጠበቅ ይኸው ነበር። ያ መጠበቅ ነበር ሰው ሲያድን የኖረው።

"ቁልፉ የማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ከሦስት ሳምንት ትምህርት ይህች አንዷ ጥያቄ ትበቃኛለች፤ ቀጮም "ጋሼ፣ ተምረዋል!" አለኝ።

"የኦብጀክቱ ነው። እያንዳንዱ ኦብጀክት የራሱ ቁልፍ አለው።"

"እና እኔ 'ለየብቻ አድርግልኝ' ስልህ ምን አደረግክ?"

"ከዚያው ክላስ ሁለተኛ ክምችት ፈጠርኩ" አለኝ። "አንዱን ለማዋለጃ፣ አንዱን ለቀዶ ጥገና።"

"ስለዚህ ቁልፉ ሁለት ሆነ።"

"ቁልፉ ሁለት ሆነ። እያንዳንዱ የራሱን ቁልፍ ይዞ ይገባል፣ የሚያግደው የለም። ፍሪጁ ግን አንድ ነው።"

ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ አየን። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና፣ "ይህንን ማሳየት ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው" አለ። ያንቺ ጽሑፍ ነበር፤ በፕሮግራሙ መሐል፣ ለሚቀጥለው ሰው የተውሽው ማስታወሻ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፤ በደብተሬም ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦

"ከዚህ ክላስ ሁለተኛ ኦብጀክት አትፍጠሩ። ቁልፉ የሚሠራው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። የደም ባንኩ ኃላፊ ዘገየብኝ ብሎ ይቆጣ ይሆናል፤ እሺ እንዳትሉት። አባቴ ነው፣ አውቀዋለሁ።"

መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ እዚያው ቀጮ ፊት አለቀስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተፈራ ሰው፣ በሽቦ መሐል ተቀምጬ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ! "አይተኸው ነበር?" አልኩት። "አይቼዋለሁ" አለ፤ "ግን ማስታወሻው አይቆጣም፣ እርስዎ ይቆጣሉ።" ምን ይባላል እንግዲህ? እውነቱን ነው። አንቺ አገር አቋርጠሽ ሳትሄጂ በፊት ጥፋቴን አይተሽ፣ ስሜን ጠርተሽ በር ዘግተሽብኝ ነበር፤ እኔ በሩን ሰብሬ ገባሁ፣ ከዚያ አንቺን አስከሰስኩ።

ያን ቀን ማታውኑ ልናገር ነበር፤ አልተናገርኩም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አሁንም ፈራሁ። በመጨረሻው ሳምንት ግን ቀጮ ሌላ ነገር አስተማረኝ። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ትሬዶች አንድ አንድ ቁልፍ ይዘው፣ አንዱ ሌላው የያዘውን ይጠብቃል። አንዱም የያዘውን አይለቅም። ፕሮግራሙ አይሞትም፣ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። "እስከ መቼ?" አልኩት። "ካልተለቀቀ እስከ ወዲያኛው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝን አልሰማሁም። እኔ እውነቱን ይዤ አንቺ እስክትደውዪ እጠብቃለሁ። አንቺ ጥፋቱን ይዘሽ እኔ ይቅር እስክልሽ ትጠብቂያለሽ። ስምንት ወር! ደብተሬን አጠፍኩና በቀጥታ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ።

ቀጠሮ አለዎት ወይ ብላ ጸሐፊዋ ከኋላዬ ተከተለችኝ። "ስምንት ወር ያለፈበት ቀጠሮ አለኝ" አልኳት። ዳይሬክተሯ ሁሉንም ሰማችኝ፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ከጨረስኩ በኋላ "ለምን ያኔ አልተናገሩም?" አለች።

"ፈራሁ" አልኩ።

ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። ቀጮ ማስታወሻሽን በትልቁ አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። "እሺ እንዳትሉት" የሚለው ላይ ሲደርሱ አንዱ ሐኪም ሳቁን ለመደበቅ አሳለ። ትእዛዙ የእኔ እንደነበረ በፊርማዬ አረጋገጥኩ፤ ቀጮ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሥራውን አላጣም። እኔን ከኃላፊነት አንስተውኛል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መለያ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ አለቃዬ በፊት ረዳቴ የነበረችው ልጅ ናት፣ ጠማማ ለጠፍክ ብላ ሁለት ጊዜ እንደገና አስለጥፋኛለች። እንዳታዝኚልኝ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ቁርሴን ጠግቤ እበላለሁ። እናትሽ "ወፍረሃል" አለችኝ፣ በሳምንት!

ፕሮግራሙም ተስተካክሏል። ቀጮ ሁለተኛውን ክምችት አጠፋውና ወደ አንዱ መለሰው። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ማተም ቁልፉን ይዞ መሠራት አልነበረበትም። አይቶ፣ ይዞ፣ ቁልፉን መልሶ፣ ከዚያ ደጅ ወጥቶ ነው ማተም። አሁን መጠበቁ የዓይን ጥቅሻ የምታህል ናት። ማተሚያዋን ቁልፍ ይዛ እንድታጓራ ያደረግሻት አንቺ ነሽ ይላል ቀጮ። እንግዲህ ያቺን ያህል ጥፋት አለብሽ። ያቺን ውሰጃት፣ ሌላውን በሙሉ መልሺልኝ፤ የእኔ ነው።

ዓርብ ዕለት ፈተንነው። አንድ ከረጢት ብቻ መዘገብንና ሁለቱን ነርሶች በሁለቱ ኮምፒውተሮች ፊት አስቀመጥን፤ እኔ መሐል ቆሜ "ተጫኑ!" እላለሁ። ባንድ ጊዜ ይጫናሉ። አንዷ "ተይዞልሻል" ትባላለች፣ ሌላው "የለም፣ ከሌላ ቦታ ፈልግ" ይባላል። ሁለት መቶ ጊዜ! ሁለት መቶውንም በጭረት ቆጠርኩ፤ አንድም ጊዜ ለሁለት አልሰጠም። ድምፄ ተዘግቶ ቤት ገባሁ። ያን "የለም" የሚለውን ቃል እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ለእናትሽ የነገርኳት ሳህን ስታጥብ ነው። ውሃውን ዘጋችና ዞራ አየችኝ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ይህን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "ጻፍላት። በስልክ እንዳትነግራት፤ አንተ ስታፍር ትቆጣለህ" አለች። እንግዲህ ለዚህ ነው በዚህ ዘመን በወረቀት የምጽፍልሽ።

ከደብዳቤዬ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። የሆስፒታሉ ነው፣ ማህተም አለበት። ያንቺ ጥፋት እንዳልነበረ ይላል፤ ያለፈው ውሳኔ መሻሩንም ይላል። የሄድሽለት መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ በሩን ይከፍትልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አሳያቸው። ዳይሬክተሯ ደግሞ የቀረውን ፕሮግራም ካለሽበት ሆነሽ ታይላቸው እንደሆነ በትሕትና ጠይቃለች። "በትሕትና" የሚለውን አስገቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ካልፈለግሽ እምቢ በያቸው፣ መብትሽ ነው። ኮምፒውተር ለመንካት ግን አትፍሪ። አንቺ ሰው አልጎዳሽም። የጻፍሽውን እንደጻፍሽው ብንተወው ኖሮ ያ ሰውዬ ሃምሳ ደቂቃ አይጠብቅም ነበር።

እግዜር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። የረገጥሽበት ይቅናሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ አንሶላም ይሁን ፕሮግራም። የሰው ፊት አይግረፍሽ፣ የልብሽን ይሙላልሽ፣ እህል ውሃሽ ከወዳጅ ጋር ይሁን።

የሚወድሽ አባትሽ

ሚጣዬ፣ ፖስታውን ላሽገው ስል እናትሽ ቀማችኝ። መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ሁለት ቦታ ሳቀች፣ አንድ ቦታ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ መልሳ አስታቀፈችኝና፣ "ይህን ሁሉ ጽፈህ ይቅርታ አልጠየቅካትም" አለች። "ጠይቄያለሁ እንጂ!" ብዬ ተቆጣሁ። "አሳየኝ" አለች። ገጽ በገጽ ፈለግኩት። ክላስ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ማተሚያ አለ፤ እሱ የለም። እስክጽፈው ድረስ ከአጠገቤ አልሄድም ብላ ቆማለች፣ ያን ጉልበቷን ይዛ።

ልጄ፣ ይቅር በይኝ።